ስካነሩ የበጠሰው ማተብ

ለገሠን የማውቀው ግድግዳ ለግድግዳ ስለምንኖር ነው። እዚህ በስደት አገር፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው አፓርትመንታችን የእሱን ሳሎንና የኔን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሳይነግረኝ የማውቀው ነገር ብዙ ነው። ሲቆጣ እሰማዋለሁ። ለገሠ ደግሞ ሳይቆጣ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ካጣ ከማሽን ጋር ይጣላል።

«አንተ እርጉም! ትናንት ስታየው አልነበረም? ዛሬ ምን ሆንኩ ብለህ ነው አላየሁትም የምትለኝ?»

ይህን የሚለው ለኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ አላየሁትም የሚለው ስካነሩን ነው።

ስካነሩ የድሮ የፎቶ ፊልም፣ ኔጋቲቭ የምንለውን፣ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ የባለሙያ ዕቃ ነው። ጥቁር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም እንደ ትንሽ ቁም ሳጥን ነው የሚታየው። ለገሠ እንግልውድ በሚገኝ የፎቶ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ላብራቶሪው ተዘጋ። ዕቃው ሊጣል ወደ ውጭ ሲወጣ ስካነሩን አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባውና በሲት ቤልት አስሮ አመጣው። አሁን ቀን ቀን የኤርፖርት ፓርኪንግ ሸትል አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የሐበሻውን የድሮ ፎቶ ያወጣል። ለሠርግ ኢዮቤልዩም፣ ለልቅሶም፣ የጠፋ አባት ለማስታወስም ሰው ሁሉ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። እየተሰደበም ቢሆን ይመጣል፤ እንደሱ አድርጎ የሚያወጣ ሌላ የለምና።

ፕሮግራሙ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ካገኘ ራሱን አፕዴት ያደርግና ስካነሩን ይረሳል ብሎ ስለሚፈራ፣ ለገሠ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያስጠጋበትም። መጀመሪያ ስካነሩ ይበራል፤ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም ይጠበቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ይከፈታል። አንዱ ካንዱ ከቀደመ ሁሉም ጠፍቶ እንደገና መጀመር ነው፤ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ስድቡ ግድግዳውን አልፎ እኔ ጋ የሚመጣው። ፊልሙን የሚይዘው እንደ ፍሪጅ ማግኔት የሚተጣጠፍ ጥቁር ሉህ ነው፤ መሐሉ ላይ በፊልሙ ልክ የተቆረጠ መስኮት አለው። ማሽኑ ያንን ሉህ ቀስ አድርጎ ይውጥና ሆዱ ውስጥ እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። ሲያጎብጠው ያቃስታል።

ትልቁ ጠላት ግን አቧራ ነው። የዚህ አገር አየር ደረቅ በመሆኑ ፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራ ቢነፉትም ቢጠርጉትም ዘልሎ ተመልሶ ይለጠፋል። ለገሠ አየሩን ለማርጠብ ብሎ፣ ሥራ ሲጀምር ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውሃ ይጥዳል። ሚስቱ ኑኃሚን «ይኸው፣ የሚበላ የሌለበት ድስት ሲፈላ ይመሻል» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ስትመላለሺ ነው ፊልሙ ላይ አቧራ የሚነሣው፣ ተቀመጪ» ይላታል። እንዲህ ነው የሚኗኗሩት።

ፕሮግራሙ ውስጥ አቧራና ጭረት የሚያጠፋ ነገር አለ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ካደረጉ፣ ማሽኑ ራሱ ነጠብጣብና ቀጫጭን መስመር እየፈለገ በዙሪያው ባለው መልክ ይሸፍነዋል። ለገሠ ያቺን ሳጥን አጥፍቷት አያውቅም። ደንበኛው «ጋሽ ለገሠ፣ ያባቴ ግንባር ላይ ያለው ምንድነው?» እያለ ከሚነዘንዘው ማሽኑ ሁሉንም ቢጠርግለት ይሻለዋል።

አያልነሽ የለገሠ ታላቅ እህት ናት። እሷን የማውቃት በቤተ ክርስቲያን ነው። በሱዳን አድርጋ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት፤ ወንድሟንም ወረቀት ሞልታ ያስመጣችው እሷው ናት። ቤቷ አስቀመጠችው፣ መኪና መንዳት አስተማረችው። ከዚያ ለገሠ ከኑኃሚን ጋር ተዋወቀና ጌታን ተቀበለ። መቀበሉንስ በልቡ ቢይዘው ምን ነበረ! አንድ ቀን ጠዋት፣ በአያልነሽ ኩሽና፣ በአያልነሽ መቀስ፣ ያንገቱን ማተብ ቆርጦ ቁርሷ አጠገብ አስቀመጠው። ሻንጣውን የዚያኑ ዕለት በረንዳ ላይ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ይነጋገራሉ እንጂ ታረቁ አይባልም። እሱ «እቴቴ» ይላታል፤ እሷ «ጳስተሩ» ትለዋለች። ፓስተር አይደለም።

እናታቸው እማማ ፀዳል ደብረ ብርሃን አረፉ። ሁለቱም ለቀብር አልደረሱም። የእማማ ፀዳል አንድ ጥሩ ፎቶ ነበር፤ እሱንም ያነሳው ለገሠ ነው፣ ልጅ ሆኖ ናዝሬት አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሳለ። እናቱ ሊጠይቁት ቢመጡ መብራት ሥር አስቀምጦ አነሳቸው። ኔጋቲቩን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

«አውጣልኝ» አለችው አያልነሽ በስልክ። «ትልቅ አድርገህ። ልቅሶው ላይ ትቀመጥ።»

ሦስት ቀን ተቀመጠበት። ድስቱ ሲንተከተክ፣ ማሽኑ ሲያቃስት እሰማ ነበር፤ ስድብ ግን አልሰማሁም። ሲጨርስ የአያልነሽ ልጅ ቤዚ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ካለው ማተሚያ ቤት አሳትማ፣ በካርቶን አድርጋ ልቅሶው ቤት አመጣችው።

ልቅሶው የአያልነሽ ሳሎን ነበር። ሶፋው ወጥቶ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው እስከ ደረጃው ሞልቷል። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። በእውነት ያምር ነበር። የእማማ ፀዳል ሹሩባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የአንገታቸው ንቅሳት፣ ክብ ክቡ፣ ትናንት የተነቀሰ ይመስል ነበር። አያልነሽ እያለቀሰች ጎንበስ ብላ የእናቷን አንገት ልትስም ከንፈሯን አስጠጋች።

ከዚያ ቀጥ አለች። ልቅሶዋም ቆመ።

«ማተቧስ?»

ዘወር ብላ ለገሠን ፈለገችው፤ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ማተቧ የት አለ?»

«ምን?»

«ያንገቷን ማተብ ነው የምልህ! ቆረጥከው! እንደራስህ ቆረጥካት! ሬሳ አንገት ላይ መቀስ ታስገባለህ?»

«እቴቴ፣ በሰው ፊት...»

«ይስማ ሰው! በሕይወቷ እምቢ ስትልህ ሞታ ጴንጤ ልታደርጋት ነው?»

ለገሠ ሰውን እየገፋ ወደ ፎቶው መጣ። አጎንብሶ አየ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ። «እኔ አልነካሁትም። ማሽኑ ነው» አለ። «ጭረት መስሎት ነው። ጭረት ያጠፋል።»

«ማሽኑም ጴንጤ ነው በለኛ!»

አንዱ ከኋላ ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመሰለው። ለገሠ ዞሮ «ምን ያስቅሃል አንተ?» አለው። ነገሩ ወደ ድብድብ ሊሄድ ሲል ቤዚ መሐል ገባች፤ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንክል ለገሠ አላወቀም፣ ጀስት ስቶፕ» አለች። አያልነሽ አልሰማቻትም። ፎቶውን አንስታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ስማኝ» አለችው ድምፅዋን ቀንሳ። «አርባዋ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በፊት ማተቧን መልሰህ ታመጣታለህ። አለዚያ ደጃፉን እንዳትረግጥ። ፀዳል ስንት ልጅ አላት ቢሉኝ አንድ ነው የምለው።»

ለገሠ ኮቱን ሳይወስድ ወጣ።

ያን ዕለት ማታ ደግሞ በግድግዳው በኩል ሁለተኛውን ጠብ ሰማሁ።

«ተዋት!» ትላለች ኑኃሚን። «ክር አያድንም። አንተ ይህን አታውቅም? ደግሞስ ተዝካር ምን ልትሠራ ትሄዳለህ? ለሞተ ሰው አይጸለይም።»

«ልጸልይ አላልኩም።»

«እና?»

«ልቁም ነው ያልኩት። እናቴ ናት፤ እንደ ልጇ ልቁም።»

«ቁማ! በዚያው ማተቡንም መልሰህ እሰረው!»

በር ሲላተም አልጋዬ አጠገብ ያለው ብርጭቆ ነጠረ።

በማግሥቱ ለገሠ በሬን አንኳኳ። «እማማ፣ እርስዎ ዓይንዎ ደህና ነው። መጥተው አንድ ነገር ይዩልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ድስቱ እየፈላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ እማማ ፀዳል አሉ፤ ግን እንደ ልቅሶው ፎቶ አይደሉም። ማሽኑ መጀመሪያ ያየውን ሁሉ እንዳለ የሚያስቀምጥበት ፋይል አለው፤ ጽዳቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ለገሠ ያንን ከፍቶ የሳጥኗን ምልክት አጥፍቷል። በእናቱ ፊት ላይ የጤፍ ዱቄት የተበተነ ይመስል ነበር። የተሰባበረ ፀጉር፣ ነጥብ፣ ጭረት፣ የጣት አሻራ። አንገታቸው ላይ ግን ሁለት ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፤ አንዱ ከአንዱ ጣት አይራራቅም። ሁለቱም ከንቅሳቱ ላይ አልፈው ቀሚሱ ውስጥ ይገባሉ።

«አንዱ ማተቧ ነው። አንዱ ጭረት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሲተሻሽ የመጣ። ጥቁር ክር ኔጋቲቭ ላይ ነጭ መስመር ነው፤ ጭረትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሲወጡ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ማተብ የሚያስሩት እርስዎ ነዎት፤ የትኛው ነው?»

ሁለቱንም መስመር እስከ ቀሚሱ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩ። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው የራሴን ነው» አልኩት። «የሷን የምታውቅ አያልነሽ ናት።»

«ስልኬን አታነሳም።»

የኔን ታነሳለች። ደወልኩላት። ወንድምሽ እንዲህ ብሏል፣ ነይና ለዪለት ብላት፣ «ማሽኑ ሲዋሽ ልየው እስቲ» ብላ መጣች።

ኮቷን አላወለቀችም። ወንበር ሲያቀርብላት አልተቀመጠችም። ኑኃሚን ሰላምታ ሰጥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ለገሠ ምንም ሳይናገር ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገ፤ ማሽኑ ጥቂት አሰበና አቧራው ሁሉ ጠፋ፣ ሁለቱም መስመር ጠፋ፣ አንገታቸው ባዶ ሆነ። ምልክቱን አጠፋ፤ ሁሉም ተመለሰ። እንደገና አደረገ፤ ጠፋ።

«አየሽ? እጄን አላስገባሁበትም።»

አያልነሽ ቆማ አየችው። ታምነዋለች ብዬ አሰብኩ። ያመነችውም ይመስለኛል፤ የባሰውም ከዚያ የመጣ ነው።

«ስንት ቀን ነው እዚህ ላይ አብረሃት የተቀመጥከው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን አንገቷን ስታይ ዋልክ።»

«አዎ።»

«ማተብ እንደሌላት አላየህም።»

«አላየሁም።»

«ብትቆርጠው ይሻለኝ ነበር» አለችው። «የሚቆርጥ ሰውማ ያያል።»

ለገሠ እጁን ከመዳፊቱ ላይ አነሳ። ምድጃው ላይ ውሃው አልቆ ድስቱ ይጮህ ጀመር፤ ተነስቼ ውሃ ጨመርኩበት።

ስመለስ አያልነሽ ተቀምጣለች። ኮቷን ግን እንደለበሰች ነው።

«ጽዳቱን በእጅ ነው የምሠራው። ነጥብ በነጥብ» አላት ለገሠ። «አቧራውን እኔ አውቃለሁ። ሌላውን አንቺ ንገሪኝ።»

ከግንባር ጀመሩ። ፊቱን በጣም ስላጎላው የእማማ ፀዳል አንድ ቅንድብ ብቻውን ስክሪኑን ሞላው። አንድ ነጥብ ላይ ይጫናል፤ ይጠፋል። ሌላው ላይ ይጫናል።

«ተው! እሱ ጠቃጠቆዋ ነው።»

«እማዬ ጠቃጠቆ አልነበራትም።»

«አንተ መቼ አይተሃት! ጉንጯ ላይ ስሟት የሚያውቅ ሰው ነው የሚያውቀው።»

«ሃያ ዓመት አንቺም አልሳምሻትም።»

«በማን ምክንያት? ያንተን ወረቀት ስሞላ፣ ያንተን ትኬት ስከፍል!»

«አይ! አሁን ደግሞ ትኬቱ መጣ!»

እንዲህ እየተሰዳደቡ ከግንባር ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ አገጭ ወረዱ። አያልነሽ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች «ይኼን፣ ይኼን» ትላለች፤ እሱም «ስክሪኑን አትንኪ፣ ቅባት ነው» ይላታል። እሷ አውቃ ትነካዋለች። እኔ መሐላቸው ሆኜ ሹራብ እሠራ ነበር፤ ስንት ዓይን እንዳመለጠኝ አላውቅም።

አንገታቸው ላይ ደረሱ። ከላይኛው መስመር ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከሰሊጥ የምታንስ ጥቁር ነጥብ ነበረች። ለገሠ ተጫናት፤ ጠፋች።

«መልስ!»

«አቧራ ነው።»

«መልስ አልኩህ!» እጁን በጥፊ መታችው። እውነተኛ ጥፊ ነበር፤ ድምፁን ሰማሁት።

መለሳት። «እሺ፣ ምንድነው ታዲያ?»

«አጉላው።»

አጎላው። ነጥቧ ነጥብ አልነበረችም። ክሩ በአንድ በኩል ይገባባታል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ከጎኗ ሁለት አጫጭር ጫፎች እንደ ድመት ጢም ቆመዋል።

«ቋጠሮ ነው» አለ ለገሠ።

«ቋጠሮ ነው። ማን ነው የቋጠረው?»

ለገሠ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ረስተኸዋል። እኔ ልንገርህ። እዚያ ፎቶ ቤትህ ስትገባ ቀሚስ ልቀይር ብላ ክሩ ተበጠሰባት። ካለ ማተብ አልነሳም አለች። አንተ ነህ የቋጠርክላት፤ ፊልም የምታንጠለጥልበትን ክር አምጥተህ ቀጥለህ። ደብረ ብርሃን ተመልሳ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳይ ነበር፤ ልጄ ነው ያሰረልኝ እያለች። ሳልመጣ በፊት እኔ ራሴ አሮጌ ሆነ ላውልቀውና አዲስ ልሰርልሽ ብላት፣ ማተቤን! ብላ ማለች፤ አይነካም አለችኝ። በዚያው ነው የተቀበረችው።» አያልነሽ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አላነሳችም። «አሁን እሱን ነው አቧራ ያልከው።»

ለገሠ «ስክሪኑን አትንኪ» አላለም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ወደ ታችኛው መስመር ሄዶ ከአንገታቸው ላይ ጥቂት በጥቂት አነሳው፤ ክሩን ላለመንካት ትንፋሹን ይዞ። እሷም ተነፈሰች አልል። ሲጨርስ ሳትሰናበተው ወጣች። እኔን ግን ሳመችኝ።

አርባው የወጣበት ዕለት ለገሠ አዲሱን ፎቶ በአንሶላ ጠቅልሎ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ኑኃሚን አብራው መጥታ መኪናው ውስጥ ቀርታለች። አልገባም፤ አልሄደምም። የሚገባው ሰው እየዞረ ያየዋል። አያልነሽ ወጣች፤ ሰላም ሳትለው አንሶላውን ገለጠችና መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ሰው እያያት፣ ጎንበስ ብላ የእናቷን አንገት መረመረች። ግራውን አየች። ጣቷን ልትነካበት ብላ ተወችው።

«ጠቃጠቆዋን አጥፍተኸዋል» አለችው።

«አለ። መነጽርሽን ጥረጊ።»

እንደገና አየች። «ግባ» አለችው። «ተሸክመህ የምትቆም ከሆነ ከፊት ቁም፤ እዚህ ደጃፍ ላይ መንገድ ዘጋህብን።»

ፎቶውን ከፊት አቆመውና አጠገቡ ቆመ፤ እሷ በወዲያኛው በኩል ቆመች። ካህናቱ ጸሎት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ አማተበ።

«አማትብ እንጂ» ስትለው ሰማኋት።

«አላማትብም።»

«እንግዲያ እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

አወጣ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ቆመ። ምግቡን አልቀመሰም፤ እሷም አልለመነችውም፤ ግን አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ መጥተው «ልጆቿ ማን ማን ናችሁ?» ቢሏት፣ «እኔና ይኼ ነን» ብላ ወደሱ በአገጯ ስታመለክት አይቻለሁ።

ተስማሙ ለማለት አልችልም። ባለፈው ሳምንት እንኳ በስልክ ሲጯጯሁ ነበር። የስካነሩ ሳጥን ግን ከዚያ ወዲህ ምልክት አይደረግባትም። ለገሠ ሁሉንም ነጥብ በነጥብ ያጸዳል፤ ሥራው ስለሚዘገይ ደንበኛ ይቆጣል፣ እሱም ይቆጣል። ትናንት አንዲት ልጅ ያያቷን ኔጋቲቭ ይዛ መጥታ ነበር፤ በግድግዳው በኩል እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ይኼ ያንገታቸው መስመር ጭረት ነው ማተብ?»

«እኔንጃ ጋሽ ለገሠ፣ እሳቸውን አላውቃቸውም። ሳልወለድ ነው የሞቱት። ማሽኑ ራሱ አያጠፋውም እንዴ?»

«ማሽኑን ተዪው፣ ማሽን ምን ያውቃል!» ብሎ ጮኸባት። «ሂጂና የሚያውቃቸው ሰው ይዘሽ ነይ። እስክትመጪ አልነካውም።»